«እጅሽ ይባረክ» ብቻውን ቤት አያቆምም

አንድ ነገር ተናዝዤ ልጀምር። ባለፈው መንፈቀ ዓመት ለዜና አጻጻፍ ትምህርት ባቀረብኩት ሥራ ላይ እንፍራንዝ ውስጥ አዲስ ስለተከፈተ አንድ ምግብ ቤት ጽፌ ነበር። ስምንት ተመጋቢዎች አነጋግሬ ስምንቱም «ግሩም ነው»፣ «እጅ የሚያስቆረጥም ነው» ብለውኛል። እኔም ደስ ብሎኝ እንደወረደ ጻፍኩት። ጥሩ ውጤት ጠብቄ ነበር። መምህራችን ወረቀቱን ሲመልሱልኝ ግን ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው የጻፉበት፦ «የበላኸውን ማን ከፈለ? ሰዎቹን ስታነጋግር ባለቤቷ የት ነበረች?»

መልሱን ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። የበላሁትን ማንም አልከፈለም። ባለቤቷ ደግሞ ከአጠገቤ ቆማ ውሃ እየቀዳች ነበር። የአክስቴ ልጅ ናት። ይህንን በጽሑፉ ውስጥ አንድም ቦታ ላይ አልገለጽኩም።

ያች ቀይ እስክሪብቶ እንቅልፍ ስለነሳችኝ ነው ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት። ስለ አንድ ምግብ ቤት ብቻ ሳይሆን፣ እኛ ተመጋቢዎች ስለበላነው ነገር ስንጠየቅ የምንሰጠው አስተያየት ምን ያህል እንደሚጠቅምና ምን ያህል እንደሚጎዳ ለመናገር ነው።

እንፍራንዝን የማታውቋት ካላችሁ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትጓዙ ሐሙሲትን፣ ወረታንና አዲስ ዘመንን ካለፋችሁ በኋላ የምታገኟት ከተማ ናት። ከተማዋ አጠገብ ካለው ኮረብታ ላይ ዐፄ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት የጉዛራ ቤተ መንግሥት ቆሟል፤ ከዚያ ላይ ሆኖ ጣናን ቁልቁል ማየት ይቻላል። ታሪኳ የነገሥታት ቢሆንም በዋናው መንገድ ዳር ያሉት ምግብ ቤቶቿ የሚኖሩት ግን በመንገደኛ ነው። መኪና ከቆመ ድስት ይጣዳል፣ ካልቆመ እሳቱም አይነድም። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በተፈጠረው ግጭት ደግሞ መንገዱ አንድ ቀን ሲከፈት ሌላ ቀን ሲዘጋ፣ የእንደዚህ ዓይነት ቤቶች ገበያ ምን እንደሚመስል መገመት አያቅታችሁም።

እንግዲህ የአክስቴ ልጅ ሰባት ዓመት ሙሉ ቤይሩት ውስጥ በሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችውን ይዛ የከፈተችው በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው። ወደ አገሯ የተመለሰችው በ2012 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ከደረሰው የቤይሩት ወደብ ፍንዳታ በኋላ ነበር። እዚያ ሳለች «መዜ» የሚባለውን አቀራረብ ተማረች። ጠረጴዛው በትንንሽ ሳህን ይሞላል፤ ሽምብራው ለብቻ፣ ደበርጃኑ ለብቻ፣ ሰላጣው ለብቻ ይቀርባል፤ ሰዉም ከዚህም ከዚያም እየቀመሰ ይጫወታል። ስፔኖች ይህንኑ የሚመስለውን የራሳቸውን «ታፓስ» ይሉታል። ታፓ በቋንቋቸው ክዳን ማለት ነው፤ ድሮ የወይን ብርጭቆ ዝንብ እንዳይገባበት በቁራሽ ዳቦ ይከደን ስለነበር ነው ይባላል። በነገራችን ላይ ስፔናዊ ለጣና ዳር አዲስ አይደለም። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው የካቶሊክ ሚሲዮናዊ እ.ኤ.አ. በ1603 አገራችን ገብቶ፣ በ1618 የግሽ ዓባይን ምንጭ አይቶ፣ በ1622 ጎርጎራ ላይ አርፏል። ታፓሱ ግን ከአራት መቶ ዓመት በኋላ፣ ያውም በቤይሩት ዞሮ እንፍራንዝ ደረሰ።

ሳህኖቹ ላይ ያለው ግን የእኛው ምግብ ነው። የዓሣ ዱለት፣ አዚፋ፣ ስልጆ፣ ሱፍ ፍትፍት፣ ቃርያ ስንግ፣ ቲማቲም ለብለብ፣ ጎመን። እያንዳንዱ በትንሽ ሳህን፣ ከጎኑ አንድ ጥቅል እንጀራ። ሰው የፈለገውን መርጦ ያዛል፣ በሳህን ቁጥር ይከፍላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሐሳቡ ደስ ይላል። ግን እኔን አትጠይቁኝ፤ ዘመዷ ነኝ ብያችኋለሁ።

ከመምህራችን ጥያቄ በኋላ መንገዱ በሰላም በተከፈተባቸው ቀናት ሁለት ጊዜ ተመልሼ ሄድኩ። በዚህ ጊዜ በላሁ፣ ከፈልኩ። (የአክስቴ ልጅ ገንዘቡን አልቀበልም ብላ ተጣላን፤ በስንት ልመና ነው የተቀበለችኝ።) ከዚያ ውስጥ ያሉትን ተመጋቢዎች ትቼ ከአስፋልቱ ማዶ መኪናው ጥላ ሥር የቆሙትን፣ ጥርሳቸውን እየጎረጎሩ መሳፈሪያ የሚጠብቁትን ማነጋገር ጀመርኩ። ተማሪ መሆኔን፣ ቤቷ የዘመዴ መሆኑንም ነገርኳቸው። ይህን ስሰማ ዝም ይላሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። ምን አለፋችሁ፣ ዶፍ ነው የወረደብኝ!

አንድ ነጋዴ ሰውዬ «ምግቡ ይጣፍጣል፤ ግን ቅምሻ ነው ወይስ ምሳ? እኔ ከጎንደር የተነሳሁት ለመቅመስ አይደለም» አሉኝ። አንዲት ወጣት «ሒሳቡ ሲመጣ ስንት ሳህን እንደበላሁ እንኳ አላወቅሁትም፣ ደነገጥኩ» አለችኝ። ሌላው ሾፌሩ ጥሩምባ ሲነፋ ሦስተኛው ሳህን ገና እንዳልመጣለትና እያየው ትቶት እንደወጣ ነገረኝ። ከሁሉም በላይ ያንገበገባቸው ግን የእንጀራ ጭማሪ ነው። «እንጀራ ጨምሪልኝ ብዬ የተከፈለበት አገር የት አለ?» ያሉኝ እናት ከምግቡ ይልቅ ክብራቸው የተነካ ይመስሉ ነበር። እውነትም ነው። እኛ ዘንድ እንጀራ ሲያንስ መጨመር የደግነት ምልክት ነው። ጭማሪውን በሒሳብ ላይ መጻፍ ቤይሩት ላይ ተራ ነገር ሊሆን ይችላል፤ እንፍራንዝ ላይ ግን ስስት ተብሎ ነው የሚተረጎመው።

ያመሰገኑም አሉ። ግን ምስጋናቸው እንደ በፊቱ ባዶ አልነበረም። ረቡዕ ቀን ያገኘኋቸው አያት እሳቸው ጿሚ፣ አብሯቸው ያለው ሕፃን ልጅ ደግሞ የማይጾም ነበር። በሌላ ቤት ቢሆን ወይ ሁለት ሙሉ ትዕዛዝ ያወጣሉ፣ ወይ ልጁ ሽሮ ይበላል። እዚህ ግን ለራሳቸው ስልጆና አዚፋ፣ ለልጁ አንድ ሳህን ዓሣ አዝዘው በአንድ ጠረጴዛ በልተዋል። «ይህቺን ልጅ ይህንን እንዳትተው ንገራት» አሉኝ። እንዲህ ያለውን ምስጋና ባለቤቷ ልትሠራበት ትችላለች።

ልብ በሉልኝ! ከእነዚህ ሰዎች መካከል አብዛኞቹ ሲወጡ በሩ ላይ ለአክስቴ ልጅ «እጅሽ ይባረክ»፣ «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው» ብለው መርቀዋት ነው የወጡት። አስፋልቱን ለመሻገር ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። በሃያ እርምጃ ውስጥ ምርቃቱ ወደ ሐሜት ተቀየረ። «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ይባላል፤ እኛ ግን ብቅልም አያስፈልገንም፣ አስፋልት መሻገር ይበቃናል።

ይህ ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ መጥፎ ነው አልልም። በሰው ቤት ተጋብዞ ወጡ ጨው በዝቶበታል ማለት ብልግና ነው፤ ወላጆቻችን እንዲህ አላሳደጉንም። ግን እንግዳና ደንበኛ አንድ አይደሉም። እንግዳ የሚቀበለው ስጦታ ስለሆነ የሚመልሰው ምርቃት ነው። ደንበኛ ግን ገንዘቡን ከፍሎ ወጥቷል። ዝም ብሎ መርቆ ከወጣና ደግሞ ካልተመለሰ፣ ባለቤቷ የቀረችው በምን ምክንያት እንደሆነ ሳታውቅ ነው። የአክስቴ ልጅ ገበያው ሲቀንስባት ያማረረችው መንገዱን ነበር። መንገዱ በእርግጥ ድርሻ አለው። የእንጀራ ጭማሪው ግን በሳምንት ውስጥ ሊስተካከል የሚችል ነገር ነበር፤ አንድ ሰው በሩ ላይ ቢነግራት ኖሮ።

አሁን ወደ እኛ ወደ ጋዜጠኝነት ተማሪዎቹ ልምጣ። የምግብ ቤት አስተያየት በዓለም ላይ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ሚሽሊን የተባለው የፈረንሳይ የጎማ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1900 ማውጫ ማሳተም የጀመረው ለባለ መኪናዎች፣ ማለትም ለመንገደኛ ነበር፤ በ1926 ደግሞ ለምግብ ቤቶች ኮከብ መስጠት ጀመረ። የሚልካቸው መርማሪዎች ማንነታቸውን ሳይናገሩ በልተው ሒሳባቸውን ከፍለው ነው የሚወጡት። የኒውዮርክ ታይምስ የምግብ ሐያሲ የነበረችው ሩት ራይክል እ.ኤ.አ. በ1993 «ለ ሰርክ» የተባለውን ታዋቂ ምግብ ቤት መልኳን ቀይራ ሄደችበት፤ ማንም ዞር ብሎ አላያትም። ማንነቷ ታውቆ ስትሄድ ግን እንደ ንግሥት ተቀበሏት። ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፈችና የቤቱን አራት ኮከብ ወደ ሦስት ዝቅ አደረገችው።

እኛስ ጋ? መንገደኛ ሁሉ የሚያማውን ልንገራችሁ። አውቶቡስ አንድ ምግብ ቤት በር ላይ ሲቆም ብዙ ጊዜ ሾፌሩና ረዳቱ በነፃ ይበላሉ ይባላል። ስለዚህ ተሳፋሪው ያንን ቤት የመረጠው ምግቡ ጥሩ ስለሆነ ሳይሆን ሾፌሩ ስላልከፈለ ነው ማለት ነው። ዛሬ በቲክቶክ ላይ ምግብ ከሚያስተዋውቁት አንዳንዶቹም ተከፍሏቸው መሆኑን ሳይነግሩን «ዋው» ይሉልናል። እኔም በመጀመሪያው ጽሑፌ የሠራሁት ከዚህ የተለየ አልነበረም። በነፃ በልቼ አንባቢዬን እዚያ ቤት በር ላይ አቆምኩት።

አንድ ጓደኛዬ ይህን ሳነብለት ተቆጣኝ። «ስንት መከራ አይታ የመጣች ልጅ ናት፤ ገና ሳትቋቋም ጉድለቷን አደባባይ ማውጣት ግፍ አይደለም ወይ?» አለኝ። ጥያቄው ከባድ ነው፣ ቀላል አድርጌ አላየውም። ትልልቅ ሆቴሎች አንድ መጥፎ አስተያየት አይጥላቸውም፤ አንዲት ሴት በሰባት ዓመት ደመወዟ የከፈተችውን ቤት ግን ሊጥል ይችላል። ስለዚህም ነው የቤቱን ስም እዚህ ያልጻፍኩት። ሆኖም የውሸት ሙገሳም አላዳናትም። የኔ ስምንት ምስክሮች ካመሰገኗት በኋላ ምን ያህሉ ተመለሱ? እሷው ናት የነገረችኝ፦ አንድ ብቻ።

የሰበሰብኩትን ሁሉ ከመጻፌ በፊት ለራሷ አነበብኩላት። መጀመሪያ ፊቷ ተለዋወጠ። «ለምን ለእኔ አልነገሩኝም? ለአንተ ከሚነግሩህ» አለችኝ። ከዚያ ዝም ብላ ቆየችና «አንተስ ብትሆን? በመጀመሪያው ቀን እንጀራው አንሷል ብለህ በልብህ አላልክም?» ብላ ጠየቀችኝ። ብያለሁ። ብዬ ነበር፤ አልነገርኳትም። እንግዲህ ከስምንቱ ምስክሮች ሌላ ዘጠነኛው እኔ ራሴ ነበርኩ።

አሁን የእንጀራ ጭማሪ በነፃ ሆኗል። ለመኪና መንገደኛ አራት ሳህን በአንድ ትሪ ላይ ተደርድሮ ቶሎ ይቀርባል፤ ዋጋውም አስቀድሞ ይነገራል። ጊዜ ያለው የከተማው ሰው ግን እንደ ድሮው አንድ በአንድ መርጦ ያዛል። ቤቱ ይቆማል ወይስ አይቆምም የሚለውን መናገር አልችልም፤ መንገዱ በተዘጋ ቁጥር እሳቱ ይጠፋልና። ቢዘጋም ግን ባላወቀችው ምክንያት አይዘጋም።

በእኔ አመለካከት ከእኛ የሚጠበቀው ብዙ አይደለም። በልተን ስንወጣ መመረቃችንን አንተው። ከምርቃቱ ጋር ግን አንድ እውነተኛ ነገር እንጨምርበት፦ «ዱለቱ ጣፍጦኛል፣ እንጀራው ግን አንሶኛል» እንበል። ድምፃችንን ዝቅ አድርገን፣ ሌላ ሰው ሳይሰማ መናገር ይቻላል። የምንጽፍ ተማሪዎች ደግሞ ከፍለን እንብላ፣ ከአንድ ቀን በላይ እንሂድ፣ ሰውን ባለቤቱ በሌለበት እናነጋግር፣ ዝምድና ካለን ከመጀመሪያው መስመር ላይ እንጻፈው።

ጽሑፌን እንደገና ጽፌ ለመምህራችን አስገብቻለሁ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «የዚህ ምግብ ቤት ባለቤት የአክስቴ ልጅ ናት» የሚል ነው።