የበሩ ዘበኛ የማን ነው?

የዓለም ታላላቅ የሥዕል ቤተ መዘክሮች ዛሬ ዛሬ በአንድ አፍ ይናገራሉ። “በራችንን ለሕዝብ ወለል አድርገን ከፍተናል” ይሉናል። ተከፈተ የተባለው በር ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክ ነው። ሥዕሉ በስልክ ይመጣል፤ ተመልካቹ “ላይክ” ያደርጋል፣ ለወዳጁ ይልካል፤ ቤተ መዘክሩም ቁጥሩን እየደመረ ደስ ይለዋል። የበሩን መከፈት አልክድም። የሚከነክነኝ በበሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ነገር ነው። ለመሆኑ ደመወዙን የሚከፍለው ማነው?

የቪየናን ጉድ እንመልከት። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) የከተማዋ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም “የቪለንዶርፍ ቬነስ” የተባለች ከኖራ ድንጋይ የተቀረጸች የሴት ምስል አለው። ቁመቷ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ዕድሜዋ ወደ 30,000 ዓመት ነው። በ1908 ከመሬት ስትወጣ እርቃኗን ነበረች፤ ዛሬም እርቃኗን ናት። በ2017 መጨረሻ አንዲት ጣሊያናዊት ፎቶዋን ፌስቡክ ላይ ብታወጣ ነውር ነው ተብሎ ተነሳ። ሙዚየሙ በ2018 መጀመሪያ አቤት ሲል ኩባንያው ስሕተት ነው ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። በዚያው ዓመት የፍላንደርስ የቱሪዝም መሥሪያ ቤትና የአካባቢው ቤተ መዘክሮች የሩበንስ ሥዕሎች እየተነሱባቸው ቢቸገሩ ለፌስቡክ ባለቤት ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ። ፌዝም ጨመሩበት፤ አንትወርፕ በሚገኘው የሩበንስ ቤት የደንብ ልብስ የለበሱ ሰዎች ጎብኚዎችን ከእርቃን ሥዕሎች ፊት ገለል ሲያደርጉ የሚያሳይ ፊልም ሠሩ።

ነገሩ በይቅርታ አልቆመም። በ2021 የቪየናው አልበርቲና በጃፓናዊው ፎቶግራፍ አንሺ በኖቡዮሺ አራኪ ሥራዎች ሳቢያ ከቲክቶክ ታገደ። ሊዮፖልድ ሙዚየም ደግሞ የኮሎማን ሞዘርን የፍቅረኞች ሥዕል ለማስተዋወቅ ቢሞክር ከብልግና ምስል ተቆጠረበት። የቪየና የቱሪዝም ቢሮ ምን አደረገ? ሥዕሎቹን ይዞ ኦንሊፋንስ ገባ፤ ገላ በክፍያ በሚታይበት ገበያ ማለት ነው። ቀልድ ነበር፤ ማስታወቂያም ነበር። ነገር ግን የአንድ ከተማ የሥነ ጥበብ ቅርስ መጠጊያ አጥቶ እዚያ ሲደርስ እኔ መሳቅ አቃተኝ።

“ቤቱ የኩባንያው ነው፣ ሕጉም የእርሱ ነው፤ ደግሞስ ሕፃናት አሉበት” የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ሕፃናት ይጠበቁ። የእኔም ክርክር ከዚሁ ይነሳል፤ ቤቱ የሌላ ሰው ነው። ይበልጥ የምፈራውም የተነሳውን ሥዕል አይደለም፤ የተነሳውማ ጋዜጣ ይጮህለታል። የምፈራው ጭራሽ ያልወጣውን ነው። የቤተ መዘክሩ ሠራተኛ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ “ይህችን ብለጥፍ ገጻችን ይታገዳል” ብሎ የአበባውን ሥዕል ሲመርጥ ማንም አያይም፣ ማንም ይቅርታ አይጠይቅም።

የቪየና ሰው ግድ የለውም፤ ትራም ተሳፍሮ ሄዶ ዋናውን ሥዕል ያያል። አዲስ አበባ ላለነው ግን ስልኩ ብቸኛው በር ነው። ሌላው ቀርቶ በ1868 ከመቅደላ ተዘርፎ ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር የተቀመጠውን የገዛ ዘውዳችንን አብዛኞቻችን የምናውቀው በስክሪን ነው። ቪዛ የሚጠየቅበትን በር ትተን በስልክ ብንመጣ እዚያም ሌላ ዘበኛ ይጠብቀናል፤ ያሳየንን አይተን “የዓለም ሥዕል ይህ ነው” ብለን እንቀራለን።

መሣሪያውን አልጠላሁም። በመጋቢት 2020 በሮች ሁሉ በወረርሽኙ ሲዘጉ የሎስ አንጀለሱ ጌቲ ሙዚየም “ከቤታችሁ ሦስት ዕቃ አንሡና አንድ ሥዕል ራሳችሁ ሁኑት” አለ። ሐሳቡ ከአንድ የኔዘርላንድ የኢንስታግራም ገጽ የተወሰደ ነበር። ሰዉ ብርድ ልብስ እየተከናነበ፣ የሽንት ቤት ወረቀት እንደ ነጭ አንገትጌ እየጠመጠመ፣ ውሻውን ሳይቀር አስቀምጦ ፎቶ ተነሣ። ተራ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ሥዕል ለመምሰል ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ፣ እጁ ምን ላይ እንዳረፈ፣ ዓይኑ የት እንደሚያይ ደጋግሞ መመልከት ግድ ነው። አዳራሹን በሩጫ ከሚያቋርጥ ጎብኚ ይልቅ እነዚህ ሰዎች ሥዕሉን አይተውታል።

ጌቲ ግን ከ2013 ጀምሮ ሥዕሎቹን በራሱ ድረ ገጽ በነጻ መልቀቅ ጀምሮ ነበር። የአምስተርዳሙ ራይክስ ሙዚየም በ2012 ወደ 125,000 ሥራዎችን፣ የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን በ2017 ወደ 375,000 ምስሎችን እንዲሁ አድርገዋል። እነዚህ የራሳቸው ቤት አላቸው። ማኅበራዊ መገናኛ ለእነርሱ ወያላ ይሁን፤ ተሳፋሪ ይጥራ፣ ይጩህ፣ ያስቅም። የምጣላው መሪውን ሲያስረክቡት ነው።

ስለዚህ ከቤተ መዘክሮች የምሻው ብዙ አይደለም። ፌስቡክ ላይ የሚለጥፉት ሁሉ ወደ ራሳቸው ገጽ ይምራን፤ ገጹም በእኛ አገር ኔትወርክ የሚከፈት ይሁን። የተከለከሉባቸውን ሥዕሎች ደግሞ አንድ ላይ ሰብስበው፣ ማን፣ መቼ፣ በምን ምክንያት እንደከለከላቸው ከሥራቸው ጽፈው፣ በዚያው በራሳቸው ገጽ ያሳዩን።