ችግኙ ተቆጠረ፣ አፈሩስ ተጠየቀ?

«እንደ አገሩ ይኖሯል፣ እንደ ወንዙ ይሻገሯል» ይላሉ አበው። ይህ አባባል ለሰው ብቻ የተነገረ አይመስለኝም፤ ለዛፍም ይሠራል።

የክረምት ዜናዎቻችንን ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነገረ። ከዚያ ወዲህም ክረምት በገባ ቁጥር የምንሰማው ቁጥር ነው። ስንት ተተከለ? ስንት ሰው ወጣ? የትኛው ችግኝ በምን ዓይነት አፈር ላይ ተተከለ ብሎ የሚጠይቅ ዘገባ ግን ብዙም አይገጥመኝም።

ነገሩ ለምን እንደሚያሳስበኝ ልንገራችሁ። ያደግሁት ኮኪት ነው፤ ከገንዳ ውኃ ወደ መተማ ዮሐንስ ሲኬድ መንገድ ላይ ትገኛለች። አፈራችን ዋልካ ነው። በክረምት ጫማ ይዞ ያስቀራል፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። ማሽላና ጥጥ ይወዱታል። ታዲያ እዚህ አፈር ላይ ከደጋ የመጣ የቡና ችግኝ ግቢው ውስጥ የሚተክል ሰው አይጠፋም። አክስቴ አንዷ ናት። ችግኙ ለጊዜው ደህና ይመስልና አዲሱ ቅጠል ቢጫ ይሆናል፤ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ሰው ሁሉ «ውኃ ጠምቶት ነው» ይላል። ውኃ ይጨመራል፣ ለውጥ የለም። አመድ ይደፋበታል፣ ይብስበታል!

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የአፈር ኮምጣጣነት የሚለካው ፒኤች በሚባል መለኪያ ነው። 7 መሐሉ ነው፤ ከዚያ በታች አሲዳማ፣ ከዚያ በላይ አልካላይን ይባላል። ቡና የሚመቸው ከ5 እስከ 6.5 ባለው ነው። ኖራ ያለበት ዋልካ ደግሞ ከ7 ያልፋል። በእንዲህ ያለ አፈር ውስጥ ብረት ሞልቶ እያለ ሥሩ ሊስበው አይችልም። ዛፉ ማዕድ ፊት ተቀምጦ ይራባል ማለት ነው። አመድም ራሱ አልካላይን ስለሆነ ችግሩን ያባብሳል። የቆላው ሙቀትም ቡናን ይጎዳል፤ ሙቀቱን ግን ጥላ ያበርደዋል፣ አፈሩን ጥላ አይለውጠውም።

በጎጃምና በወለጋ ደጋማ ቦታዎች ነገሩ ተቃራኒ ነው። አፈሩ ከመጠን በላይ ስለኮመጠጠ ገበሬው ኖራ ይበትንበታል። እንግዲህ «ኖራ ምርት ጨመረ» የሚል ዜና የአፈሩን ዓይነት ሳይናገር ቢተላለፍ፣ ኮኪት ሆኖ የሚሰማው ሰው ምን ያድርግ?

«ቡና አትትከሉ ነው የምትለው?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። ቡና የግድ የሚል ሰው በበርሜል ውስጥ ሌላ አፈርና ብስባሽ ሞልቶ ይሞክር። ድኝም አፈር ያኮመጥጣል፤ ግን ቀስ ብሎ ነው፣ ኖራ በበዛበትም ብዙ አይረዳም። ለጥላ ከሆነ ግን ቁርቁራ፣ ሁመርና ኒም አሉልን። ከሁሉ በፊት አፈሩን ማስመርመር ይሻላል። ላቦራቶሪ ለራቀው ደረቅ አፈር ላይ አቼቶ ጠብ ያድርግ፤ ከተንተከተከ ኖራ አለበት። ባይንተከተክ ግን አሲዳማ ነው ማለት አይደለም።

ውድ የትምህርት ክፍላችን ልጆች፣ ነገ ማይክ ይዘን ችግኝ ተከላ ላይ የምንቆመው እኛ ነን። «ስንት ተተከለ?» ብለን እንጠይቅ፣ ጥሩ ነው። «ምን ተተከለ? አፈሩስ ተመርምሯል?» ማለትን ግን አንርሳ። በዓመቱም ተመልሰን ቅጠሉን እንየው። ቢጫ ከሆነ እሱም ዜና ነው።