ቁጥር ሒስ አይሆንም

የአሜሪካው ሮሊንግ ስቶን መጽሔት በ2013 እ.ኤ.አ. የምንጊዜም 100 ምርጥ የመጀመሪያ አልበሞች ያላቸውን ደርድሮ የቢስቲ ቦይስን የ1986 አልበም አንደኛ አደረገው። ለመሆኑ ሚዛኑ ምንድን ነው?

ይኸው መጽሔት በ1969 የሌድ ዜፕሊንን የመጀመሪያ አልበም ክፉኛ ነቅፎት ነበር። በ2003 ባወጣው የ500 ምርጥ አልበሞች ዝርዝር ግን 29ኛ አደረገው፤ በ2020 ደግሞ ወደ 101ኛ አወረደው። ከአልበሙ አንዲት ኖታ አልተለወጠችም፤ የተለወጡት ድምፅ ሰጪዎቹ ናቸው። እንግዲህ ቁጥሩ የሚነግረን ስለ ሙዚቃው ሳይሆን ስለ እነርሱ ነው።

«የመጀመሪያ» የሚለው መስፈርትስ? ቦብ ዲለን በ1962 ባወጣው የመጀመሪያ አልበሙ ውስጥ ከ13ቱ ዘፈኖች የራሱ ድርሰቶች ሁለት ብቻ ነበሩ። በዚያ ብቻ ቢመዘን ኖሮ በ2016 በሥነ ጽሑፍ ኖቤል የተሸለመውን ሰው ማን ይጠረጥረው ነበር? አንዱ ገና ሲነሳ ይሮጣል፤ ሌላው እያደር ይበስላል።

«ዝርዝሩ ያልሰማነውን ያስተዋውቀናል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ስሞቹን በደስታ እቀበላለሁ። ለማስተዋወቅ ግን ደረጃ ምን ያደርጋል? 37ኛው ከ38ኛው በምን እንደሚበልጥ ያስረዳኝ ሃያሲ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። የ1969ኙ ነቃፊ ቢሳሳት እንኳ ምክንያቱን ጽፏልና ልንሞግተው እንችላለን። «101ኛ»ን ግን ማን ይሞግተዋል?

ሃያስያን ሆይ፣ ደረጃውን ተዉትና ምክንያታችሁን ጻፉልን! አንባቢም በሰው ቁጥር ሳይሆን በገዛ ጆሮው ይፍረድ።