መዝገቡን የሚይዘው ማን ነው? የነገው ገንዘብ በሳይበርፐንክ ልብ ወለድና በሳይንስ ዓይን

ሳይበርፐንክ የሚባለው የሳይንስ ልብ ወለድ ዘርፍ ስሙን ያገኘው አሜሪካዊው ደራሲ ብሩስ ቤትኪ እ.ኤ.አ. በ1983 ካሳተመው አጭር ልብ ወለድ ርእስ ነው። ዘርፉ የሚስለው ዓለም ቴክኖሎጂ እጅግ የመጠቀበት፣ የተራው ሰው ኑሮ ግን ያሽቆለቆለበት፣ የመንግሥታት ሥልጣን ተሸርሽሮ ግዙፍ ኩባንያዎች የነገሡበት ዓለም ነው። ስለዚህ ዘርፍ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት በሰው ሠራሽ አካላትና በሚያስቡ ማሽኖች ላይ ነው። እኛ ለማንሣት የወደድነው ግን ለዕለት ኑሯችን ይበልጥ የቀረበ ጥያቄ ነው፤ በዚያ ዓለም ሰው ዳቦ የሚገዛው በምንድን ነው?

ዊልያም ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው «ኒውሮማንሰር» በተሰኘው ልብ ወለድ ውስጥ በጃፓን በጥሬ ገንዘብ ሕጋዊ ግብይት መፈጸም የተከለከለ ነው፤ የወረቀት ገንዘብ የሚዘዋወረው በጥቁር ገበያ ነው። ኒል ስቲቨንሰን እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጣው «ስኖው ክራሽ» ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ዶላር በዋጋ ንረት ከመርከሱ የተነሣ በትሪሊዮን የሚቆጠር ኖት ይታተማል፤ ሕዝቡም በግል የተያዙ ግዛቶች የሚያወጡትን ገንዘብ ይመርጣል። የሁለቱ ደራስያን ሥዕል ይለያይ እንጂ ከሥሩ ያለው ጥያቄ አንድ ነው። እርሱም «ገንዘቡ ከምን ተሠራ?» የሚል ሳይሆን «መዝገቡን የያዘው ማን ነው?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ የልብ ወለድ ብቻ እንዳልሆነ፣ መልሱም በቴክኖሎጂ ግዴታ ሳይሆን በሰው ምርጫ የሚወሰን መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን።

ገንዘብና ቅጂ

አንድ ነገር በገንዘብነት እንዲያገለግል ከሚያስፈልጉት ባሕርያት ዋነኛው እንደ ልብ የማይባዛ መሆኑ ነው። በአገራችን አሞሌ ጨው ለብዙ ዘመናት መገበያያ ሊሆን የቻለው ማንም በጓዳው ሊያመርተው ስለማይችል፣ ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ መምጣት ስለነበረበት ነው። በሌላው ዓለምም የብረት ገንዘብ ጠባቂው የማዕድኑ ብርቅነትና የአሠራሩ አስቸጋሪነት ነበር። የፊዚክስ ተማሪዎች ሁሉ የሚያውቁት አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1696 በእንግሊዝ የገንዘብ ማተሚያ ቤት ተሹሞ፣ የተሸራረፈው አሮጌ የብር ገንዘብ ተሰብስቦ በአዲስ ሲተካ ሥራውን መርቷል፤ ሐሰተኛ ገንዘብ ሠሪዎችንም እያሳደደ ለፍርድ አቅርቧል። የእንቅስቃሴን ሕጎች የደነገገው ሰው የሕይወቱን የመጨረሻ ሠላሳ ዓመታት ገንዘብ እንዳይባዛ በመጠበቅ ሥራ ላይ ማሳለፉ የሚያስገርም አይደለም፤ ጉዳዩ በመሠረቱ የቁስ አካል ጉዳይ ነበርና።

የኮምፒውተር መረጃ ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። የዜሮና የአንድ ድርድር ሲቀዳ ዋናውና ቅጂው አይለያዩም፤ ወጪውም ከምንም አይቆጠርም። ለሙዚቃ የሚመቸው ይህ ባሕርይ ለገንዘብ መርዝ ነው። መቶ ብርን የሚወክል ፋይል ለአንድ ባለሱቅ ከላክን በኋላ ያንኑ ፋይል ለሌላው እንዳንልክ የሚያግደን የተፈጥሮ ሕግ የለም። ስለዚህ የተገኘው መፍትሔ ገንዘቡን መላክ ትቶ፣ በማእከላዊ መዝገብ ላይ ከአንዱ ስም ቀንሶ በሌላው ስም መደመር ሆነ። የባንክ ካርድ፣ በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው ኤምፔሳ፣ በአገራችን በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር ሁሉም የሚሠሩት በዚሁ መርሕ ነው።

የመዝገቡ ሥልጣን

የመቶ ብር ኖት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ማን ለማን እንደሰጠው አይናገርም። መዝገብ ግን ይናገራል፤ አይረሳምም። በመሆኑም መዝገቡን የያዘ ወገን ሦስት ሥልጣኖችን ያገኛል።

የመጀመሪያው ማየት ነው። አንድ ሰው የትኛውን መድኃኒት፣ የትኛውን መጽሐፍ፣ የትኛውን የጉዞ ትኬት እንደገዛ ተሰብስቦ ሲታይ፣ ለጎረቤቱ የማይነግረው ምስጢር ሁሉ ከመዝገቡ ላይ ይነበባል።

ሁለተኛው መከልከል ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2010 ቪዛ፣ ማስተርካርድና ፔይፓል ለዊኪሊክስ የሚላከውን መዋጮ ማስተላለፍ አቆሙ፤ ይህን ያዘዘ ፍርድ ቤት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 የካናዳ መንግሥት በአስቸኳይ ጊዜ ሕግ ተጠቅሞ በኦታዋው የከባድ መኪና ነጂዎች ተቃውሞ የተሳተፉ ሰዎች የባንክ ሒሳብ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲታገድ አደረገ። አንባቢ በእነዚህ ወገኖች ዓላማ ይስማማም አይስማማም፣ ሊያስተውል የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ በኪስ ያለን ኖት በአንድ ቁልፍ ምት ማገድ አይቻልም፤ በመዝገብ ያለን ቁጥር ግን ይቻላል።

ሦስተኛው ሥልጣን ሁኔታ ማስቀመጥ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 በቻይናዋ ሼንዘን ከተማ በዕጣ ለተመረጡ 50,000 ነዋሪዎች ለእያንዳንዳቸው 200 ዩዋን በዲጂታል ገንዘብ ተሰጠ። ገንዘቡ ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ ካልወጣ ተመልሶ የሚወሰድ ነበር። ለሙከራ የተሰጠ ስጦታ ስለሆነ በማንም ላይ ጉዳት አላደረሰም ይባል ይሆናል። ሆኖም የማብቂያ ቀን ያለው ገንዘብ ሊኖር እንደሚችል በተግባር ታይቷል።

በእነዚህ ላይ የኤሌክትሪክ ጉዳይ ይጨመራል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 28 ቀን 2025 በስፔንና በፖርቱጋል መብራት ሲጠፋ የካርድ መክፈያዎች ቆሙ፤ መግዛት የቻሉት ጥሬ ገንዘብ የያዙት ነበሩ። በአውሮፓ የወረቀት ኖት እ.ኤ.አ. በ1661 ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመባት ስዊድን ዛሬ ጥሬ ገንዘብን እጅግ ከቀነሱት አገሮች አንዷ ናት። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2024 ለየቤቱ ባሠራጨችው የአደጋ ጊዜ መመሪያ ዜጎቿ ጥሬ ገንዘብ በቤታቸው እንዲያኖሩ መክራለች።

የጊብሰን ጃፓን ለእኛም ያን ያህል ሩቅ አይደለችም። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የነዳጅ ግዢ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲፈጸም ተደርጓል።

ጥሬ ገንዘብ ንጹሕ ነውን?

ይህን ስንል የኤሌክትሮኒክ ክፍያን ጥቅም ለመካድ አይደለም። በከተማ የሚሠራ ልጅ በገጠር ላለች እናቱ በደቂቃ ውስጥ ገንዘብ መላክ መቻሉ ትልቅ እፎይታ ነው። ቀድሞ ገንዘቡ በመንገደኛ እጅ ይላክ ነበር፤ አንዳንዴም በመንገድ ይቀር ነበር። ጥሬ ገንዘብ ይሰረቃል፤ ሐሰተኛው ይቀላቀልበታል፤ ግብር ለመሰወርም ያመቻል። መንግሥታት ዲጂታል ክፍያን የሚያስፋፉበት ምክንያት ሁሉ ክፉ ነው ማለት ሚዛናዊነት የጎደለው ፍርድ ይሆናል።

ስሕተቱ ያለው «ምቾት ከፈለግን ክትትሉን መቀበል ግዴታችን ነው» በሚለው አስተሳሰብ ላይ ነው። ይህ ግዴታ አለመሆኑ ከአርባ ዓመታት በፊት በሒሳብ ተረጋግጧል።

የዓይነ ስውር ፊርማ

አሜሪካዊው የምስጠራ ሊቅ ዴቪድ ቻውም እ.ኤ.አ. በ1982 ያቀረበው ሐሳብ በምሳሌ ሲገለጥ እንዲህ ነው። ደንበኛው በወረቀት ላይ የራሱን ምስጢራዊ ቁጥር ጽፎ፣ ውስጡ ካርቦን በተለበጠ ፖስታ አሽጎ ለባንኩ ይሰጣል። ባንኩ ከደንበኛው ሒሳብ መቶ ብር ይቀንስና በፖስታው ላይ ይፈርማል፤ ፊርማውም በካርቦኑ አማካይነት በውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ያርፋል። ደንበኛው ፖስታውን ቀዶ ወረቀቱን ለባለሱቅ ይሰጣል። ባለሱቁ ወደ ባንኩ ሲያመጣው ባንኩ ፊርማው የራሱ መሆኑን ያውቃል፤ ቁጥሩን ግን አይቶት ስለማያውቅ ወረቀቱን ለማን እንደሰጠ ሊናገር አይችልም።

ተማሪዎች ይህንኑ በትንንሽ ቁጥሮች በወረቀት ላይ ሊሠሩት ይችላሉ። የባንኩ ይፋ ቁጥሮች 33 እና 3፣ ምስጢራዊ ቁጥሩ ደግሞ 7 ይሁኑ። ደንበኛው ለኖቱ 5ን፣ ለመሸፈኛ 2ን ይመርጣል። 5 × 2³ = 40 ሲሆን፣ ለ33 ሲካፈል ቀሪው 7 ነው፤ ወደ ባንኩ የሚሄደው ይህ 7 ነው። ባንኩ 7⁷ን ለ33 አካፍሎ ቀሪውን 28ን ይመልሳል። ደንበኛው 28ን በመሸፈኛው በ2 አካፍሎ 14ን ያገኛል። እንግዲህ 14 የ5 ፊርማ ነው፤ 14³ = 2744 ለ33 ሲካፈል ቀሪው 5 መሆኑን ማንም ሊያረጋግጥ ይችላል። ባንኩ ያየው 7ንና 28ን ነው፤ ባለሱቁ የሚያመጣለት ግን 5ንና 14ን ነው። በእውነተኛው አሠራር ቁጥሮቹ በመቶዎች የሚቆጠሩ አኃዞች አሏቸው። እያንዳንዱ የወጣ ኖት ከእያንዳንዱ ከተመለሰ ኖት ጋር እኩል ሊዛመድ ስለሚችል፣ የቱንም ያህል ፈጣን ኮምፒውተር ከፋዩን ለይቶ ሊያወጣ አይችልም።

የቅጂውስ ነገር? ባንኩ የተመለሱትን ቁጥሮች ይመዘግባል፤ 5 ለሁለተኛ ጊዜ ከመጣ አይቀበለውም። ከዚህም በላይ ገንዘቡን የሚያስገባው ነጋዴ ስለሚታወቅ ገቢው ከግብር አይሰወርም። የተሸሸገው ከፋዩ ብቻ ነው። የግብር ሰብሳቢውና የዜጋው ጥቅም ሊታረቁ እንደሚችሉ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ቻውም በአምስተርዳም ያቋቋመው ዲጂካሽ የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1998 ከሠረ። ሒሳቡ ግን ስሕተት አልተገኘበትም። እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ የጀመረው ቢትኮይን ደግሞ መዝገቡን ከአንድ ባለቤት እጅ አውጥቶ ለሁሉም ገለጠው፤ ነገር ግን ሁሉም የሚያየው መዝገብ ለክትትልም ይመቻል። ስም በቁጥር ተተካ እንጂ ዱካው አልጠፋም።

ፊዚክስ ብቻውን አያድነንም

የፊዚክስ ሰዎች እንደመሆናችን ስለ ኳንተም ገንዘብ ሳናነሣ ብናልፍ ቅር ይለናል። ስቲቨን ዊዝነር እ.ኤ.አ. በ1983 በታተመው ጽሑፉ በፎቶኖች ፖላራይዜሽን የሚጠበቅ ኖት አስቦ ነበር። ያልታወቀን የኳንተም ሁኔታ መቅዳት ስለማይቻል፣ ፎቶኑን ለክቶ አምሳያውን ለመሥራት የሚሞክር ሐሰተኛ ሠሪ በአንድ ፎቶን ፈተናውን የማለፍ ዕድሉ 3/4 ነው። በ20 ፎቶኖች ዕድሉ ወደ 3 በሺህ ይወርዳል፤ በ100 ፎቶኖች ከትሪሊዮን አንድ እንኳ አይሞላም። ኒውተን በወንጀለኛ መቅጫ ሊያስከብር የደከመበትን ሥራ እዚህ የተፈጥሮ ሕግ ራሱ ይሠራዋል። ፎቶንን እንዲህ አድርጎ በኪስ ይዞ መዞር ግን ገና አልተቻለም። ይልቁንም የዊዝነር ኖት ተከታታይ ቁጥር አለው፤ እውነተኛነቱንም የሚያረጋግጠው ምስጢሩን የያዘው ባንክ ብቻ ነው። ቅጂውን ድል ብናደርገውም ወደዚያው ወደ መዝገቡ ባለቤት ተመለስን ማለት ነው።

በእኛ እምነት የዛሬ ተማሪዎች ከዚህ ሊይዙት የሚገባው ቁም ነገር ይህ ነው። የአገራችንን የክፍያ ሥርዓቶች ነገ የሚነድፉትና የሚጽፉት እነርሱ ናቸው። አንድ ሥርዓት ፈጣን መሆኑን ከመጠየቃቸው በፊት ሦስት ነገሮችን ይጠይቁ፤ ማን ያየዋል? ማን ሊያግደው ይችላል? መብራት ሲጠፋስ ይሠራል? እነዚህ ጥያቄዎች አጥጋቢ መልስ እስኪያገኙ ድረስ ጥሬ ገንዘብ በሕግ ተጠብቆ ከዲጂታሉ ጎን ሊቆይ ይገባል። የሳይበርፐንክ ደራስያን የሳሉት ዓለም የሚመጣው ማሽኖች ስለበረቱ አይደለም፤ ማሽኖቹን የሠሩት ሰዎች እነዚህን ጥያቄዎች በጊዜው ሳይጠይቁ ሲቀሩ ነው።