ለደጋው ቤት ክዳን የሣሩ ምድር ይጠበቅ

በደጋ አገር ቤት የሚመሰገነው ብርድን ሲከለክል መሆኑ የታወቀ ነው። የመንዝ ገበሬ እንጨት ስለሚያንሰው ግድግዳውን በድንጋይ ይሠራል፤ ጣራውንም በጓሳ ሣር ይከድናል። ይህ አሠራር የድህነት ምልክት የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገሩ ሲመረመር ግን ከአባቶች የተወረሰ እውቀት ነው።

ሙቀቱን የሚያቆየው በሣሩ መካከል ሳይንቀሳቀስ የሚቀመጠው አየር ነው፤ የበግ ጠጉር ባናም ሰውን የሚያሞቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ቆርቆሮ ግን ስስ ብረት ስለሆነ ቀን የፀሐይን ትኩሳት ያስገባል፤ ሌሊት የምድጃውን ሙቀት ወደ ውጭ ያሳልፋል። ይሁን እንጂ ቆርቆሮ እሳት አይፈራም፤ ቶሎ ቶሎም መለወጥ አያሻውም። ስለዚህ የመረጠውን ሰው መንቀፍ አይገባም፤ በቆርቆሮው ሥር በጭቃ የተመረገ የሣር ኮርኒስ እንዲሠራ መምከር እንጂ። አሮጌውን የጭቃ ግድግዳም በሲሚንቶ መለሰን እርጥበቱን በውስጡ ስለሚያስቀር፣ በጭቃና በጤፍ ጭድ ማደስ ይሻላል።

ይህ አሳብ የእኛ ብቻ አይደለም። ዋና መሥሪያ ቤቱ በናይሮቢ የሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2023 ባወጣው ዘገባ ከአፈርና ከተክል የሚገኙ የሕንፃ ዕቃዎች በብዛት እንዲሠራባቸው መክሯል።

ነገር ግን ሣሩ ከየት ይገኛል? መልሱ ያለው በእርሻና በግጦሽ አስተዳደር ዘንድ ነው። በሰሜን ሸዋ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የጓሳን ምድር የአስቦና የጌራ ተወላጆች ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቀሮ በሚባል ሥርዓት ይጠብቁት ነበር። ሣሩ እስኪያድግ ለዓመታት ይከለከላል፤ ጊዜው ሲደርስም ለባለመብቶቹ ይከፈታል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ምድሩም ተጎዳ። በኋላ ሕዝቡ ራሱ መተዳደሪያ ደንብ አቁሞ ጥበቃውን መለሰው። ዛሬ ጓሳ ለክዳንና ለገመድ የሚሆነውን ሣር ይሰጣል፤ የቀይ ቀበሮና የጭላዳም መኖሪያ ነው።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። የክዳን ሣር በየወረዳው እንደ አንድ የእርሻ ሀብት ሊቆጠር፣ የሚበቅልበትም ቦታ ከማረሻና ያለጊዜው ከሚገባ ከብት ሊጠበቅ ይገባል። የግብርና ሹማምንት ይህን በእቅዳቸው ያግቡት፤ ገበሬውም በማኅበሩ ይምከርበት። የሣሩ ምድር ከታረሰ በኋላ ስለ ጥንታዊ ቤቶች እድሳት መነጋገር ከንቱ ድካም ይሆናል።