ኮምፒውተሩ ተመልሶ የጽሕፈት መኪና ሲሆን

ብሌዝ ፓስካል በ1642 እ.ኤ.አ. የመደመሪያ መሣሪያውን የሠራው ለአባቱ ብሎ ነው። አባትየው ፈረንሳይ ውስጥ ሩዋን በምትባል ከተማ የግብር ሹም ነበር። ማሽኗ መደመርና መቀነስ ትችላለች፤ ከሌላ ማሽን ጋር ግን አትነጋገርም።

ለመነጋገሩ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ፈጀ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካዊው መሐንዲስ ፖል ባራን አንድ ሐሳብ አመጣ፦ መልእክቱ ይቆራረጥ፣ አንዱ መንገድ ቢመታ ቁርጥራጩ በሌላ በኩል ዞሮ ይድረስ፣ መረቡም መሀል አይኑረው። መሀል ያለው መረብ፣ መሀሉን ያገኘ ሰው ሁሉንም ያጠፋዋል። በጥቅምት 1969 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ሁለት ኮምፒውተሮች ሲገናኙ ግን ሁለት ፊደል ብቻ ደርሶ ሲስተሙ ወደቀ። ሲስተም የለም ማለት ከዚያ ቀን የጀመረ ሳይሆን አይቀርም።

ኢትዮጵያ ኢንተርኔትን ለሕዝብ የከፈተችው በ1989 ዓ.ም. ነው፤ በአንድ ድርጅት፣ በአንድ በር። ሁለተኛው ኦፕሬተር በ2015 ሥራ ሲጀምር በሩ ሁለት ሆነ ተባለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በአማራ ክልልም የሞባይል ዳታ ለወራት ጠፋ። ቁልፉ ያው አንድ ኖሯል።

ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ኅዳርን በጦርነት መሀል ያሳለፉ ከተሞች ናቸው። የተዘረፈውን ተክተው ሳይጨርሱ ይኸኛው መጣ። ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤት የከፈተ ወጣት ኮምፒውተሩ ማመልከቻ ብቻ የሚተይብበት ሆነ፤ ኢንጅነር አያና ብሩ ከዘጠና ዓመት በፊት አማርኛን በጽሕፈት መኪና ለማስጻፍ የደከሙለት ሥራ ማለት ነው፣ በመብራት። ኢሜይል መላክ፣ የሥራ ማስታወቂያ መፈለግ፣ ውጭ ያለ ልጅን በቪዲዮ ማየት ቀረ። መንግሥት ደግሞ በዚያው ጊዜ «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» ይል ነበር።

ጸጥታ ማስከበር ግዴታ ነው፣ ማንም አይክድም። መረብ ሲዘጋ ግን ታጣቂውን ከፒያሳ ነጋዴ አይለይም። ነጋዴው ግብሩን ይከፍላል፤ የፓስካል አባት ሥራ መቼም አይዘጋም። እንግዲያው ቢያንስ ትእዛዙ በጽሑፍ ይውጣ፤ ማን እንዳዘዘ፣ ለምን፣ እስከ ስንት ቀን እንደሆነ ይነገር። ቀኑ ሲያልፍም ማራዘሙን ፍርድ ቤት ይየው። ሳይጠቀምበት ጊዜው ያለፈበት ፓኬጅ ያለው ደንበኛም ገንዘቡ ይመለስለት።