አከራዩ ግድግዳውን ሲያንቀሳቅስ

አዲስ አበባ ላይ ተከራይቶ ለኖረ ሰው ስለ አከራይ ጠባይ ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ዛሬ እንግዳ አታምጡ፣ ነገ ልብስ በሳምንት አንዴ ብቻ እጠቡ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ኪራይ ጨምረናል ይባላል። ተከራይ ወይ ይስማማል፣ ወይ ዕቃውን ጭኖ ይወጣል። ድርጅቶች በፌስቡክ፣ በኢንስታግራምና በመሰሎቻቸው ላይ የሚኖሩት ኑሮም ከዚህ ብዙ አይለይም። እንዲያውም የኢንተርኔቱ አከራይ ይብሳል፤ ተከራዩ ውሎ ሲመለስ በሩ የነበረበት ቦታ ግድግዳ ሆኖ ይጠብቀዋል።

ጉዳዩ ለምን ያገባናል? ጋዜጠኝነት ተምረን ከተመረቅነው መካከል ብዙዎቻችን እንጀራችን ያለው ዜና ክፍል ውስጥ ሳይሆን የባንክ፣ የሆቴል ወይም የሳሙና ፋብሪካ ገጽ በማስተዳደር ላይ ነው። ገጹ ሲደምቅ ምስጋናው ለድርጅቱ፣ ሲቀዘቅዝ ወቀሳው ለእኛ ነው። አለቃ «ባለፈው ወር ይህን ያህል ላይክ ነበረን፤ የት ገባ?» ብሎ ሲያፈጥብን፣ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ያለው እኛ ቢሮ ውስጥ ሳይሆን ካሊፎርኒያ ነው።

እስኪ ጥቂት ምሳሌዎች እንይ፤ ዓመታቱን በፈረንጆቹ እንቁጠር። ፌስቡክ ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2012 «ታይምላይን» የተባለውን አዲስ አቀማመጥ ለድርጅት ገጾች አስተዋወቀ። ማርች 30 ላይ ወደደም ጠላም ሁሉም ገጽ ወደዚያ ተዛወረ። የተሰጠው ጊዜ አንድ ወር ብቻ ነበር። ከዚያ በፊት ድርጅቶች አዲስ ሰው ገጻቸውን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየውን የመግቢያ ክፍል ራሳቸው ይመርጡ ነበር። «መጀመሪያ ላይክ አድርጉ፣ ከዚያ ሽልማቱን ታያላችሁ» የሚሉ መግቢያዎችን ከፍለው ያሠሩም ነበሩ። አዲሱ አቀማመጥ ይህን አስቀረው። በምትኩ የመጣው ሰፊ የሽፋን ምስል ላይ ደግሞ ዋጋና ቅናሽ፣ አድራሻ፣ «ላይክ አድርጉን» የሚል ጥሪ መጻፍ ተከለከለ። ለነጋዴው ትልቅ ሰሌዳ ሰጥተው «ዋጋ እንዳትጽፍበት» አሉት ማለት ነው። በ2013 ክልከላው ላላ። የፈረሰውን ሥራ ግን ማንም አልካሰም።

ይህ እንኳ በዓይን የሚታይ ለውጥ ነው። የማይታየው ይከፋል። ኦግልቪ የተባለው የማስታወቂያ ድርጅት ከ100 በላይ የብራንድ ገጾችን መርምሮ እንዳሳየው፣ አንድ ገጽ ሳይከፍል የሚለጥፈው ነገር በኦክቶበር 2013 ከተከታዮቹ 12 በመቶ ለሚሆኑት ይደርስ ነበር፤ በፌብሩዋሪ 2014 ወደ 6 በመቶ ወረደ። በጃንዋሪ 2018 ደግሞ ማርክ ዙከርበርግ ራሱ ከወዳጅና ከቤተሰብ የሚመጣው እንደሚቀድም፣ ከንግድ ድርጅቶች፣ ከብራንዶችና ከመገናኛ ብዙኃን የሚመጣው እንደሚቀንስ በይፋ ተናገረ። ተከታይ ለማብዛት ዓመታት የደከመ ሁሉ፣ ያበዛቸውን ሰዎች ለማግኘት እንደገና መክፈል ነበረበት።

አንዳንዴ ትንሽ ምልክት ትበቃለች። ትዊተር በኖቬምበር 2022 ሰማያዊውን የማረጋገጫ ምልክት በወር 8 ዶላር መሸጥ ጀመረ። ወዲያው አንድ ሰው በኤሊ ሊሊ መድኃኒት አምራች ስም የሐሰት አካውንት ከፍቶ፣ ምልክቱን ገዝቶ፣ «ኢንሱሊን በነጻ ሆኗል» ብሎ ለጠፈ። እውነተኛው ኩባንያ ሌላ ሰው ለተናገረው ይቅርታ ጠየቀ። ትዊተርም ሽያጩን ለሳምንታት አቆመው። ሰው ለዓመታት «ይህ ምልክት ያለው እውነተኛ ነው» ብሎ ለምዷል፤ የምልክቱ መልክ ሳይለወጥ ትርጉሙ ተለወጠ።

በጃንዋሪ 2025 ደግሞ ተራው የኢንስታግራም ሆነ። ከመጀመሪያው ጀምሮ አራት ማዕዘናቸው እኩል ሆኖ የሚደረደሩት የገጽ ምስሎች ወደ ላይ ረዘም አሉ። ዘጠኝ ፎቶ ገጣጥሞ አንድ ትልቅ ሥዕል የሠራ ዲዛይነር ሥራው ተቆራርጦ አገኘው።

አከራዮቹን ብቻ መውቀስ ግን አግባብ አይደለም። እንደ ተጠቃሚ ስናየው የ2018ቱ ለውጥ ደስ ያሰኘናል፤ የእህታችንን የሠርግ ፎቶ ትተን የሳሙና ማስታወቂያ ማየት አንፈልግም። ቤታቸው ነው፣ ያድሱት። የእኛ ጥያቄ ተከራዩ ለምን የራሱ ቤት ያለው ይመስለዋል የሚል ነው። እዚህ አገር በቴሌግራም ቻናል ብቻ ጫማና ልብስ የሚሸጡ ስንት ወጣቶች አሉ! ቴሌግራምም ቢሆን የሰው ቤት ነው።

ስለዚህ ለአለቆች ሁለት ነገር እንበል። አንደኛ፣ የገጽ አስተዳዳሪን በላይክ ብዛት ብቻ አትመዝኑ። ቁጥር ሲወርድ «ማን ሰነፈ?» ከማለታችሁ በፊት «ምን ተቀየረ?» ብላችሁ ጠይቁ። ስንት ሰው ደውሎ ዋጋ ጠየቀ፣ ስንቱስ ተመልሶ ገዛ የሚለው የራሳችሁ ቁጥር ነው፤ እሱን ማንም ከካሊፎርኒያ አይለውጥባችሁም። ሁለተኛ፣ ደንበኛን በእጃችሁ ያዙ። ፈቃዱን ጠይቃችሁ ስሙንና ስልኩን መዝግቡ፤ ትንሽም ቢሆን የራሳችሁ ድረ ገጽ ይኑራችሁ። ማኅበራዊ መድረኩ ሰው የምታገኙበት ገበያ ይሁን እንጂ ያገኛችሁትን ሰው የምታስቀምጡበት ጎተራ አይሁን።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላል ያገራችን ሰው። ነገ ጠዋት ገጻችሁ ቢጠፋ ስንት የደንበኛ ስልክ ቁጥር ይቀራችኋል? መልሱ ዜሮ ከሆነ፣ ገጽ አስተዳዳሪዋን ከመቆጣታችሁ በፊት አንድ ደብተር ግዙላት።